ካራቆሬ ላይ የሚቆመው ሰርቪስ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጭድ የጫነ አይሱዙ በደጄ አለፈና ግማሹን መንገዱ ላይ እያራገፈ ወደ ዓለም ገና ወረደ። የጤፍ ጭድ ሽታ ለሌላ ሰው ምን ምን እንደሚል አላውቅም። ለእኔ የውሰት ካቦርትና የፈረስ ላብ ነው። ገና ከቆምኩበት ሳልንቀሳቀስ ከጭዱ መኪና ኋላ አንድ ነጭ ሚኒባስ መጥቶ ከአጥሬ ማዶ ካለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ፊት ቆመ። ትከሻው ላይ ሦስት መስመር ያለው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት አብራሪ ከሕንፃው ወጣ፤ ሲያየኝ መሳፈሩን ትቶ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። አንድ ቀን ሊያመሰግነኝ ይፈልግ እንደነበረ፣ ሰርቪሱ ሰበታ ድረስ የሚመጣው እኛ ድሮ ባስጀመርነው የስምምነት አንቀጽ መሆኑን የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች እንደነገሩት አጫወተኝ። «ወደ ከተማ ከሆኑ እንውሰድዎት፣ ካፒቴን» አለኝ። የምጠብቀው ሰው አለ አልኩት። የምጠብቀው ሰው አልነበረም። ሚኒባሱ ሲዞር የኋላ ጎማው ያረፈበትን ቦታ አየሁት። የጎረቤቴ የኦቦ ቱፋ አውድማ እዚያ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አልጠራም፤ ብጠራውም እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ከሰበታ አየር ጤና በሚኒባስ ስምንት ብር እንደነበረ፣ ረዳቱ ፊቱን ካጠቆረ ግን አሥር እንደሚሆን ነው። ማኪያቶ ሰባት ብር ነበር፤ መነሐሪያው ጥግ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልታ ነበር የምትሰጠው፣ ዛሬ እንደሚደረገው አረፋ አታስታቅፍም። ዘፈን በሚሞሪ ካርድ የሚጭኑ ሱቆች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ አንዱ የኦሮምኛ ሲለቅ ሌላው የአማርኛ ይለቅና መሐል ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም አይሰማም። ከሆሳዕናና ከወላይታ የመጡ የፋብሪካ ሴቶች ፀጉራቸውን በአንድ ዓይነት ሻሽ ሸብ አድርገው በፈረቃ ሰዓት መንገዱን ይሞሉታል። እሑድ እሑድ ከኪራይ ቤቶቹ መዝሙራቸው ይሰማል፤ ባለቤቴ ሰብለ ሳትወድ በግድ ዜማውን ለምዳው ሽንኩርት ስትከትፍ ታንጎራጉረው ነበር። እኛ የጉለሌ ሰዎች ነን። ሰበታ የገባነው መሬቱ ስለረከሰልን ነው እንጂ ሰበታን መርጠን አይደለም፤ መውደዱ ኋላ መጣ።

የምሠራው በአንዲት ትንሽ የግል አየር መንገድ ነበር። ዛሬ ስሟንም ባለቤቷንም ቀይራለች። አራት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች፣ ጥቂት አብራሪዎችና ብዙ አለቆች ነበሯት። የኅብረት ስምምነታችን ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ አዲሱን ለመፈራረም ድርድር ከተቀመጥን ሁለት ክረምት አልፎናል። ከጥያቄዎቻችን ትልቁ፣ ለሌላ ሰው ቢነግሩት የሚያስቅ ነው፤ የሰርቪስ ጥያቄ ነበር። የበረራ ሠራተኛ የሚያመላልሰው መኪና «በከተማው ክልል ውስጥ» ብቻ ይላል አሮጌው ውል። እናም በእኛ በኩል ካራቆሬ፣ በቡራዩ በኩል አስኮ፣ በሱሉልታ በኩል እንጦጦ ኬላ ላይ ሲደርስ ግድግዳ የተሠራበት ይመስል ቀጥ ይላል። ከአብራሪዎቹ ግማሾቻችን ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነበርን፤ በዚያ ደመወዝ ከተማ ውስጥ ማን ቤት ይሠራል? የዕረፍት ሰዓታችን የሚቆጠረው ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ጀምሮ ነው። እኔ ግን ታክሲ ተጋፍቼ፣ ዓለም ገና ላይ ሁለተኛ ተሰልፌ፣ ቤቴ ስገባ ከዕረፍቴ ሁለት ሰዓቱ ሄዷል። በማግስቱ የሰው ነፍስ ይዤ እነሣለሁ።

ድርድሩን ለኩባንያው የሚመራው የሕግ አማካሪው ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ብስኩቱን ወደ እኛ እያስጠጋ «ለቦርድ ቀርቧል፣ እየታየ ነው» ይላል። ቢቆጣን ይሻል ነበር። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ነጋሽ የቡራዩ ነዋሪ ነው፣ ከእኔ ጋር አብሮ የሠለጠነ፤ ከስብሰባ በወጣን ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእኛ ነው» ይል ነበር። ሥራ ማቆም አንችልም፤ የአየር ትራንስፖርት ሠራተኛ ሥራ እንዳያቆም ሕጉ ከልክሎናል። መልቀቅም አንችልም፤ ወጣቶቹ ለሥልጠናቸው የፈረሙት የግዴታ ዘመን አላለቀም፣ እኔን ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ የሚቀጥረኝ የለም። ሌላው ሠራተኛ ሲከፋው ሥራ ያንቀራፍፋል። አውሮፕላን ግን ሰማይ ላይ ካንቀራፈፉት ይወድቃል። ስለዚህ ፈገግ ብለን «ክቡራንና ክቡራት ተሳፋሪዎች» እያልን፣ በሆዳችን እየተራገምን እንበር ነበር።

ኦቦ ቱፋ ጎረቤቴ ናቸው። ያኔ ሰባ የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ መሬታቸው ከእኔ አጥር እስከ ወንዙ ይደርስ ነበር ይባላል፤ ግማሹን ፋብሪካ ወሰደው፣ የእኔ ቤት ያረፈበትንም ከወንድማቸው ላይ የቤት ማኅበራችን ወሰደው። የተረፋቸው ከአጥሬ ማዶ ያለችው ማሳ፣ አውድማዋና አንድ የፈረስ ጋሪ ነበር። ይህን እያወቁ እኔን ጠልተውኝ አያውቁም። ጠዋት በአጥሩ ላይ «አካም ቡልቴ፣ ካፒቴን? ዛሬ ሰማይ ላይ መንገድ አልተዘጋም?» ይሉኛል። እኔም እንዴት አደሩ ለማለት «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቱፋ» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ኦሮምኛ ሳልማር ቀረሁ፣ አሁን ያሳፍረኛል። ሌንሴ የምትባል ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። ያን ሰሞን ትምህርቱ በተማሪዎች ተቃውሞ ተቋርጦ ቤት መጥታለች። አባቷ ማንበብ አይችሉምና የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በእሷ አፍ ነበር የሚነበበው።

ማስተር ፕላን የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ሕፃኑም አዋቂውም አፍ ላይ ነበር። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች አንድ ላይ የሚያቅድ ነው ተባለ። ገበሬው ደግሞ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረውም መሬት ሊሄድ ነው። ኦቦ ቱፋ ካርታ አይተው አያውቁም፣ ማሳቸው ካርታው ላይ እንዳለች ግን እርግጠኛ ነበሩ። እኔ ማታ ማታ በሬዲዮ እሰማና እረሳዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ድንበር የሚባል ነገር የለም። ስንት ዓመት ለማረፍ ስወርድ ሰበታንና ከተማውን አይቻለሁ፤ ቆርቆሮው ተያይዞ ይሄዳል፣ መሐል ላይ ቢጫ የጤፍ ቁራጭ ብልጭ ይላል፣ በየዓመቱ ቁራጯ ታንሳለች። ታዲያ ይህን ምን ያከራክራል፣ አንድ ከተማ አይደለም ወይ እል ነበር። በዚያች ቁራጭ ላይ የሚኖረው ሰው ከላይ አይታይም።

እና አንድ ቀን የሕግ አማካሪው ብስኩቱን አስጠግቶ አዲስ ነገር አመጣ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ከከተማው ውጪ ናቸው፤ ማስተር ፕላኑ ሲጸድቅ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ያኔ አንቀጹን እናየዋለን አለ። ለሁለት ክረምት የሰማነው የመጀመሪያው የተስፋ ቃል ነበር። ኮሚቴው ደብዳቤ ይጻፍ አለ፤ አማርኛ ያውቃል ተብዬ ለእኔ ተሰጠኝ። ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። እነዚህ ከተሞች በሚጸድቀው ፕላን መሠረት ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀናጁ በመሆናቸው ሰርቪሱ እንዲደርስልን፣ ይህም እንዲፋጠን ኩባንያው ለሚመለከተው ክፍል ለፕላኑ ያለውን ድጋፍ እንዲገልጽ እንጠይቃለን ብዬ አሳመርኩት። ያቺን «እንዲፋጠን» የሚለውን ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ ነው የጨመርኳት። ፈረምኩ፣ ሌሎቹም ፈረሙ። አንድ ቅጂ አጥፌ በሸሚዜ ኪስ ከተትኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ሳምንት ሳይሞላ ከሩቅ ይሰማ የነበረው የፕላኑ ተቃውሞ ደጃችን ደረሰ። መንገዱ በግንድና በድንጋይ ተዘጋ፣ ዓለም ገና ላይ ጎማ ይነዳል፣ ወጣቶቹ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ይወጣሉ፣ ተኩስ ይሰማል። ሰብለ አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ጋ እንደሄደች እዚያው ቀረች። የሚያልፉት ጥቂት መኪኖች ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነን ለማለት ፊታቸው ላይ ቅጠል ሰክተው ነው። ድርጅቱ ደውሎ፣ ያልተገኘ አብራሪ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል አለኝ፤ ስምምነት ቢኖረን ኖሮ ይህን የሚከለክል አንቀጽ ነበረው፣ ስምምነት ግን የለንም። መውጣት አልችልም፣ መቅረትም አልችልም። የዩኒፎርሙ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ትከሻ ላይ አራት መስመር ያለበትን ልብስ በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ለብሶ መታየት መኮንን ነኝ ብሎ እንደመጮህ ነው። በአጥሩ ላይ ቆሜ ስብሰለሰል ኦቦ ቱፋ አዩኝና «ጭድ ወደ ካራቆሬ የሚያደርስ ሰው ጋሪ ላይ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?» አሉ። ካቦርታቸውንና ባርኔጣቸውን አለበሱኝ፣ ዩኒፎርሜን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ጭዱ ውስጥ ቀበሩት። በጓሮ መንገድ ሁለት ሰዓት ሄድን። ካራቆሬ አንዲት ሻይ ቤት ጓዳ ገብቼ ልብሴን ቀየርኩና ሰርቪሱን ተሳፈርኩ። የዚያን ዕለት ጂማ በርሬ ስመለስ ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡልኝ፤ አንገቴ ላይ ጭድ ነበር።

ከተማ አድሬ በማግስቱ እንዲሁ በጋሪ ስመለስ ፈረሱ ደንብሮ ከረጢቱ ከፋብሪካው የሚወርደው ባለ ቀለም ውኃ ውስጥ ወደቀ። ሰብለ የለችም። ሌንሴ ካላጠብኩ ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ደብዳቤው ሸሚዙ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ነው። ሮጬ ላመጣው አሰብኩ፤ ምን ብዬ? ማግስቱን ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ መስመሮቹን በየትከሻው አስተካክላ አመጣችልኝ። ወረቀቱ ላዩ ላይ ነበር፤ እርጥበቱ ደርቆ፣ በአጣጠፌ ሳይሆን በሌላ አጣጠፍ ታጥፎ። «ጋሼ፣ ወረቀትዎን አድርቄዋለሁ» አለችኝ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አጥሩ ጋ ባየኋት ቁጥር ወደ ቤት እገባ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እስር ቤት የገባሁት፣ በር የሌለው። ለኦቦ ቱፋ ልንገራቸው ብል ጋሪውን አጣለሁ፤ ጋሪውን ካጣሁ ሥራዬን አጣለሁ። ባልነግራቸው በየሁለት ቀኑ በፈረሳቸው፣ በካቦርታቸው፣ መሬታቸው ቶሎ እንዲሄድ በፈረምኩበት እጄ የጋሪያቸውን ጠርዝ ይዤ እቀመጣለሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ደብዳቤውን እናስመልሰው ብዬ ለነጋሽ ብነግረው እሱም በዚያው ጭንቅ ውስጥ ነበር። ቡራዩ ላይ የአከራዩን ልጅ ፖሊስ ወስዶታል፣ ሽማግሌው አባት ጠዋት ማታ «እናንተ ትልልቅ ሰው ታውቃላችሁ» እያለ ይለምነዋል። ደብዳቤውን እንዲመልሱልን አማካሪውን ብንጠይቀው ፈገግ ብሎ ለቦርድ ቀርቧል አለን።

ከሁሉ የማልረሳው የገብርኤል ሰሞን ነው። ዓለም ገና ሳንደርስ ወጣቶች ጋሪውን አስቆሙ። አንዱ ጭዱን በዱላ እየወጋ መጣ፣ ከረጢቱ ካለበት ስንዝር ሲቀረው ቆመና ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ ጠየቀኝ። አልገባኝም፣ ብመልስም አነጋገሬ ያጋልጠኛል። ኦቦ ቱፋ ልጓሙን ሳይለቁ፣ ሳይዞሩም፣ «ኦቦሌሳ ኮቲ» አሉት። ይህቺን አውቃታለሁ፤ ወንድሜ ነው ማለት ነው። ልጁ ዱላውን አነሣ፣ መንገድ ለቀቀልን። ያን ቀን አርባ ምንጭ ነበር የምበረው። በጤናማ አየር ላይ፣ ደመና በሌለበት፣ ማሳረፉን ለረዳት አብራሪዬ ሰጠሁት።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። ሰበታ እልልታ ነበር፤ የሞተባቸው ደግሞ እልልታውን እየሰሙ ያለቅሱ ነበር። በዚያው ሳምንት ድርድር ተጠራን። አማካሪው ብስኩቱን አስጠጋና የራሳችንን ደብዳቤ አወጣ። ጥያቄያችሁ የተመሠረተው በፕላኑ ላይ ነው፣ እዚህ በጽሑፍ ፈርማችኋል፣ ፕላኑ ስለቀረ ጥያቄው መሠረት የለውም አለ። የሰርቪሱ አንቀጽ ተዘጋ፤ የዕረፍት ሰዓቱም ከእሱ ጋር ተያይዞ ነበርና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። ሁለት ክረምት ውኃ ስንወቅጥ ከርመን በመጨረሻ ሙቀጫውንም ሰበርነው። ነጋሽ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እንኳን ተሰረዘ ብዬ መደሰት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም፤ በመዘጋቱ ማዘንም ፈለግሁ፣ እሱንም አልቻልኩም።

በማግስቱ ኦቦ ቱፋ ለአዲሱ እህል ጠሩኝ። አውድማው ተጠርጎ፣ ጭዱ ተከምሮ፣ የገንፎው ቅቤ መሐሉ ላይ ቀልጦ ነበር። ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ሌንሴ ምግቡን አቅርባ ወደ ቤት ገብታለች። አንድ ጊዜ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ። የምነግራቸው ነገር እንዳለኝ፣ ስለ ፕላኑ የጻፍኩት ደብዳቤ እንዳለ ተናገርኩ። እስከ «እንዲፋጠን» ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ገንፎውን ከዳር ከዳር እየበሉ ሰሙኝ።

«ሌንሴ አንብባልኛለች» አሉ።

መቼ አልኳቸው።

«ልብስህን ያጠበች ቀን።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ጊዜ በጋሪው እንደተሳፈርኩ በልቤ ቆጠርኩ። የገብርኤሉም ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ለምን ወሰዱኝ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሥራ አለብህ አይደል?» አሉ። ቆይተው ደግሞ እጃቸውን በሣር ጠረጉና «እኔ የገረመኝ ሌላ ነው፣ ካፒቴን። ስትጽፈው እኔን ታየኝ ነበር?» አሉ።

መስኮቴ ከተቀመጥንበት ይታያል። ጠረጴዛዬ ያለው እዚያ መስኮት ሥር ነው። የዚያን ዕለት ብዕሬን አንሥቼ ቃል ስፈልግ፣ ኦቦ ቱፋ በሬዎቻቸውን አውድማው ላይ እያዞሩ ጤፋቸውን ያበራዩ ነበር። እጃቸውን አንሥተው ሰላም ብለውኛል። እኔም ብዕር በያዘው እጄ ሰላም ብዬ ወደ ወረቀቱ ተመልሻለሁ።

«አይዎት ነበር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ትከሻቸውም አልሳቀም። ከዚያ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉና «ነገስ በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አሉኝ።

በአምስት ሰዓት አልኩ። መንገዱ ገና በደንብ አልተከፈተም፤ በማግስቱ ግን በረራ አልነበረኝም። ቢሆንም ዩኒፎርሜን ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፣ ካቦርቱን ለበስኩ፣ በጋሪው ካራቆሬ ደረስን። ወርጄ ጋሪው ከዓይኔ እስኪሰወር እዚያው ቆምኩ። ሰርቪሱ መጣ፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ፣ እንዲሄድ በእጄ ነገርኩት። ከዚያ ከረጢቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ወደ ሰበታ ተመለስኩ።

ፕላኑ ተሰረዘ፣ መሬቱ ግን አልዳነም። በደላላ፣ በካሬ በካሬ ሄደ። ኦቦ ቱፋም ሄዱ፤ የተቀበሩት ወንዙ ዳር ነው። ሌንሴ አዳማ ታስተምራለች፤ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝታኝ ጋሼ ብላ ሳመችኝ፣ ስለ ወረቀቱ አላነሣንም። የተዘጋው አንቀጽ ከዓመታት በኋላ በሌላ ድርድር ተከፍቶ ሰርቪሱ ደግሞ ይኸው መጣ። ያ ወጣት ዛሬም ጠዋት በመስኮቱ «እንውሰድዎት፣ ካፒቴን» አለኝ። ዛሬም የምጠብቀው ሰው አለ አልኩት።